ፊርማ ብቻ ነው የቀረው

ቀማሿ ወተቱን አፏ ውስጥ አንከባለለችና ባልዲው ውስጥ ተፋችው። በውኃ ተጉመጠመጠች፤ ደግማ ቀመሰች፤ ደግማ ተፋች።

"ይመለስ" አለች።

የቦቴው ሾፌር በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ አያት። "ዛሬ እኮ የመጨረሻ ቀንሽ ነው። በመጨረሻ ቀንሽ እንኳን ሰው አትምሪም?"

"ሶዳ አለበት። ሊኮመጥጥ ሲል ሶዳ ጨምረውበታል።"

"እኔ አልበዋለሁ እንዴ? የሰጡኝን ነው የጫንኩት።"

"እንግዲያው ለሰጡህ መልስላቸው።"

ሾፌሩ እያጉረመረመ ቦቴውን አዞረ። አራት ሺህ ሊትር ወተት በአንዲት ሴት ቃል በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ቅጹ የተሞላው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ሥራ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ አፍ ይናገራል፣ ወረቀት ተከትሎ ይመጣል። ቀማሿ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "ይግባ" ስትል ሲገባ፣ "ይመለስ" ስትል ሲመለስ ነው ያየችው። ከወር በፊት የአዲሱ ወተት ፋብሪካ ኃላፊ ደውሎ "ሥራው ያንቺ ነው፣ ደብዳቤሽ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው፣ መልቀቂያሽን አስገቢ" ሲላት በማግስቱ ማስገባቷም ከዚሁ የመጣ ነው። ሞኝነት ነው፤ ግን የለመደችው ሞኝነት ነው።

ባሏ ነግሯት ነበር። አናጢ ነው፤ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ቤት ውሏል፤ ቤቱም ሁለቱ ልጆችም በእሷ ደመወዝ ነው የሚያድሩት። "ወረቀቱን ሳትይዢ አትልቀቂ" ሲላት ስቃበታለች። "እኔን ማን ይዋሸኛል? ገና አፉን ሲከፍት ነው የሚሸተኝ" ነበር ያለችው።

መልቀቅ ደግሞ አንጀቷን የሚያርስ ነገር ነበረው። ሥራ አስኪያጁ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከሥራዋ አስጠርቶ፣ ዓይኗን በፎጣ አስሮ፣ አምስት ብርጭቆ ደርድሮ "የትኛው የጠዋት ነው? የትኛው የማታ?" እያለ ያጫውትባታል። እሷ ታውቃለች፣ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፣ እሱ ይፈነጥዛል። አንድ ቀን ከብርጭቆዎቹ በአንዱ የዕቃ እጣቢ ጨምሮላት ሰዉ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉ ነገር እጅ እጅ ብሏታል።

ይሁን እንጂ ደብዳቤው አልመጣም። ሳምንት አለፈ፤ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ወሩ አለቀ። በዚህ በመጨረሻ ቀኗ አራት ሰዓት ላይ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ክሊራንስ ለማስፈረም ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ሰውዬው ጥፍሩን እየቆረጠ ነበር። ቀጭን፣ ቢጫ የጥፍር ስብርባሪ እየተፈናጠረ ክሊራንሷ ላይ ይወድቃል። ሲያይ እንኳን እፍ አላለውም።

"ሁለት ሳምንት ብቻ ቢራዘምልኝ ብዬ ነበር" አለች።

"ምነው? ሰዎቹ አልፈረሙልሽም እንዴ?"

"ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።"

ሰውዬው መቁረጫውን አስቀምጦ እስኪጠግብ ሳቀ። "ተተኪሽ ትናንት ውል ፈርማለች። ያንቺም መልቀቂያ ይኸውልሽ፣ በራስሽ እጅ የተፈረመ። እኔ ልቀቂ አላልኩሽም። ለጨዋታ ዓይንሽን ብናስርሽ ጊዜ ነው ኩርፊያ የጀመርሽው።"

ፈረመና ወረቀቱን ከነጥፍሩ አቀበላት። ቀማሿ ኮሪደር ላይ ወጥታ አራገፈችው፤ እጇንም ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ከዚያ ለአዲሱ ፋብሪካ ኃላፊ ደወለች። አላነሳም። ደገመች፤ አላነሳም። በሦስተኛው አነሳ።

"እህት ዓለም፣ አሁን ስላንቺ እያወራን ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ብቅ በይ፤ ደብዳቤሽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።"

"ተፈርሟል?"

"አሁን የሚያሳስብሽ ይኼ ነው? ፊርማ ብቻ ነው የቀረው አልኩሽ እኮ።"

ታክሲ ውስጥ እያለች ባሏ ደወለ። "እንዴት ሆነ?"

"ልቀበል እየሄድኩ ነው።"

"ጥሩ" አለ። "ነግሬሽ ነበር" አላለም። ቢል ይሻላት ነበር፤ መልስ አታጣለትም ነበር። "ልጆቹ ዛሬ እናታችን አዲስ ሥራ ገባች እያሉ ነው የዋሉት" ሲል ግን "ታክሲው ሊደርስ ነው" ብላ ዘጋችው።

አዲሱ ፋብሪካ ከውጭ ሲያዩት ያምራል። ቀለሙ ነጭ፣ በሩ አውቶማቲክ፣ ዘበኛው ከነክራቫቱ። ግቢው ውስጥ አሥር እርምጃ እንደተራመደች ግን አፍንጫዋ የራሱን ወሬ ነገራት፤ ያልታጠበ ቱቦ፣ ያደረ ወተት፣ ክሎሪን። ዝም በል አለችው አፍንጫዋን። ሥራ ስትጀምር የምታስተካክለው ነገር ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

የኃላፊው ቢሮ ሽቶ ተረጭቶበታል፤ ከሽቶው ሥር ያው ወተት ይሸታል። ኃላፊው ከረሜላ እየመጠጠ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት። ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ ፋይል ውስጥ ደብዳቤው ተቀምጧል። ስሟ ከነአባቷ፣ የሥራ መደቧ፣ ደመወዟ፤ ከታች ባዶ መስመር። እጇን ስትዘረጋ ፋይሉን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። አርባ ዓመት የሞላት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ እንደ ሕፃን እንቁልልጭ ተባለች።

"ከዚያ በፊት አንዲት ትንሽ ነገር አለች" አለና ከመሳቢያው ወፍራም መዝገብ አወጣ። "ቀስ አድርገሽ ግለጪው። የመንግሥት ቁጥጥር ቢሮ በየገጹ ቁጥር መትቶ የሰጠን ነው፤ አንድ ገጽ ከጎደለ ጉዳችን ፈላ።"

ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ ነው። የቦቴው ቁጥር ተሞልቷል። የቅምሻው ውጤት ተሞልቷል፤ ያለፈው ወር ሠላሳውም ገጽ "ይግባ"፣ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ እስክሪብቶ። የቀማሹ ፊርማ ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

"ቀማሽ አልነበራችሁም?"

"አንቺን ስንጠብቅ ነዋ። የቁጥጥር ሰዎች ነገ ይመጣሉ። ይህን ባዶ ካዩት ይዘጉናል፤ ከተዘጋን አንቺም ሥራ የለሽም። ለራስሽ ነው የምትፈርሚው።"

"በእነዚህ ቀኖች እኔ እዚያኛው ፋብሪካ ነበርኩ።"

"እህት ዓለም፣ ማን ይጠይቅሻል?"

"ወተቱስ?"

"ተጠጥቷል" አለ ኃላፊው ከረሜላውን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያዛወረ። "የሞተ ሰው የለም። አንቺ ስትጨርሺ እኔም እፈርማለሁ።"

ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ማለት ይኼ ነው። ተነሥታ መሄድ ነበረባት። ግን ወዴት? በዚያኛው በር ወጥታለች። ቤት ወገቡን በትራስ ደግፎ የሚጠብቃት ባል አለ፤ በደስታ የዋሉ ልጆች አሉ። እውነቱን ከተናገርን፣ እስክሪብቶውን አነሣችና ፈረመች። አንደኛውን ገጽ ፈረመች። ሁለተኛውን ፈረመች። ሦስተኛውን ፈረመች። አሥራ አንድ ዓመት የኖረችበት ፊርማ እንደ ሌላ ቀን አምሮ፣ ጅራቱን ጠምዝዞ ወጣ፤ ይኼው ራሱ አስጠላት።

"ጎበዝ" አለ ኃላፊው። የራሱን እስክሪብቶ ከፍቶ ደብዳቤውን ከፋይሉ አወጣ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ መዝገቡን ከመሀል ገለጠላት፤ እዚያም ሁሉም "ይግባ" ተብሎ ተሞልቷል። "ስትጨርሺ እግረ መንገድሽን የሚመጣውንም ሳምንት ፈርሚበት። አንዴ ብንገላገል አይሻልም?"

"የሚመጣው ሳምንት ወተት ገና አልታለበም።"

"ይታለባል እኮ" አለ፣ ቅር እንደተሰኘ ሰው።

ከባዱ ነገር ሰውዬው ክፉ መሆኑ አልነበረም፤ አለመደንገጡ ነው። ላሟ ሳር እየበላች፣ ጡቷ ገና ሳይሞላ፣ እዚህ ወተቷ ተቀምሷል፣ ጸድቋል፣ ገብቷል። ይህን ሁሉ ያጸደቀው ደግሞ የእሷ ምላስ ነው። ምራቋ አፏን ሞላው፤ የምትተፋበት ስላልነበረ ዋጠችው። ራሷን ጠላች። ከዚያኛው ሰውዬ ጥፍር ይልቅ የራሷ እጅ ቀፈፋት።

ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰችው። ኃላፊው ሌላ ከረሜላ እየላጠ ነበር። ከፊርማዋ ጎን በቀኝ በኩል ጻፈች፤ "አልቀመስኩትም። በዚህ ቀን እዚህ አልነበርኩም።" ቀኑንም አሠፈረች። ገልጣ ሁለተኛው ገጽ ላይም ያንኑ ጻፈች።

"ፊርማ እንዲህ ይረዝማል?" ብሎ አንገቱን አሰገገ ኃላፊው። አነበበ። ከረሜላው ጉንጩ ውስጥ ቀጥ አለ። "ምን መሆንሽ ነው? እየጻፍሽ ያለሽውን ታውቂዋለሽ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ይኼ ደብዳቤ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ከዚያም ወጥተሻል፣ እዚህም አልገባሽም። ባዶ እጅሽን ነው ቤትሽ የምትሄጂው።"

"አዎ" አለች ቀማሿ።

መዝገቡን ሊነጥቃት ጠረጴዛው ላይ ተንጠራራ። በክርኗ ተጫነችው፤ ዕድሜዋን የወተት ጀሪካን ያነሣ ክንድ ነው፣ አልተነቃነቀም። ሦስተኛውን ገጽ ገለጠች፤ ነገ የሚመጣው የቁጥጥር ሰው መነጽሩን ቢረሳም እንዲያነበው፣ ፊደሎቹን ተለቅ ተለቅ አድርጋ ጻፈች።