በራሱ ሳንባ

ባሌ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ኦክስጅን ሲገጥሙለት፣ ጭምብሉን ከአፉ ገለጥ አድርጎ መጀመሪያ የተናገረው «ጉድ ነው፣ ለእኔም ቱርቦ ገጠሙልኝ» የሚል ነው። ነርሷ አልገባትም። የጋራዥ ሸሪኩ ግን ተንከትክቶ ሳቀ።

«አሁን ገባህ? አየር በግፊት ሲገባ እንዴት እንደሚጥም?»

«አፍህን ዝጋ። ነርስ፣ ይህን ሰውዬ አስወጪልኝ።»

ሸሪኩን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም በሚወደው የሞተር ዕቃ ስም ቱርቦ ይለዋል። ሃያ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ሲሠሩ ስለ ሞተር ተስማምተው አያውቁም። ቱርቦ፣ የሞተሩ ጭስ በከንቱ ከሚወጣ ተርባይን የምትባለውን መዘውር ያሽከርክርና ለሞተሩ አየር ይጭመቅለት ባይ ነው፤ ያን ጊዜ ትንሹ ሞተር እንደ ትልቅ ይጎትታል። ባሌ ደግሞ ሞተር አየሩን ራሱ ይሳብ ባይ። «ነዳጅ ስሰጠው ወዲያው ይመልስልኝ እንጂ ‹ቆይ መጣሁ› የሚል ሞተር ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ምሳ ላይ ይጀምራሉ፣ ምሳው ይቀዘቅዛል። እኔም ስለ ሞተር የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ሳህን ሳነሳ ንትርካቸውን እየሰማሁ ነው።

ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው እጄን ያዘኝ። የፍቅር ነገር ሊናገር መስሎኝ ተጠጋሁ።

«ለዳገቱ የመኪና ውድድር የጀመርኳትን መኪናዬን አንቺ ንጃት። ያለ ቱርቦ። ያ ሰውዬም እንዳይነካት።»

ኑዛዜው ይኸው ነው። ስለ እኔ አንዲት ቃል የለችበትም። እሺ አልኩት።

ችግሩ፣ የመኪናዋ ሞተር ተፈታትቶ ጋራዡ ጠረጴዛ ላይ ነበር። እሱን መልሶ የሚገጥም ደግሞ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ።

«እንዳይነካት ብሏል» አልኩት ቱርቦን፣ ከቀብሩ በኋላ ጋራዥ ሄጄ።

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«እንድትነካት።»

ዓይኑን በዘይታም ክንዱ ጠረገና ጉንጩን አጠቆረው። «ይሄ ሰውዬ ሞቶም አይለቀኝም» አለና እጅጌውን ሰበሰበ።

ውድድሩ እሑድ ሊሆን፣ ዓርብ ጠዋት ሞተሩ ተነሣ። ይዣት ሰፈሩን ዞርኩ። ድምፅ አላት፣ ጉልበት የላትም። ከእንቅልፉ እንደቀሰቀሱት ሰው ነው የምትሄደው።

«ታማለች» አልኩት።

«ምንም አልሆነች። ሐዘኑ ነው ጆሮሽን የያዘው።»

«ሐዘኔን ተወውና ራስህ ንዳት።»

ነድቶ ተመለሰ። ሞተሩን አጥፍቶ ከመኪናዋ ሳይወርድ ቆየ።

«ምን አደረግክ?»

«ጋስኬቱን... ወፍራሙን አስገብቼባታለሁ።»

ጋስኬት፣ ሞተሩን ከላይ በሚከድነው በቴስታታው ሥር የሚገባው ማሸጊያ ነው። ለቱርቦ ሞተር ወፍራሙ ልክ ነው፤ አየሩ ተጨምቆ ስለሚመጣ ውስጡ ሰፋ ማለት አለበት። በራሱ ለሚተነፍስ ሞተር ግን ጉልበቱን መስለብ ነው። የሃያ ዓመት ልማድ ነው፤ እጁ ሲያስገባው ራሱ አላወቀም።

«ሆን ብለህ ነው!»

«ልጆቼን ይንሳኝ! ግን ስሚኝ እህቴ። አሁን ለቱርቦ የተሰናዳች ናት። ግማሽ ቀን ብቻ ስጪኝ። አንዲት ትንሽ ቱርቦ፣ ማንም አያያት፣ ዳገቱን በርረሽ ትወጪዋለሽ። መልሼ ልፍታት ካልኩ ነገን ሙሉ ይወስዳል፤ የምወዳደርባትን የራሴን መኪና ደግሞ ገና አልጨረስኳትም።»

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ከጅሎ ነበር። ባሌን በሕይወት ሳለ ብዙ ዋሽቼዋለሁ። ስለ ራሰ በራነቱ፣ ስለ ዘፈኑ፣ ስለ እናቱ ወጥ። ስለ ሞተር ግን አንድም ቀን አልዋሸሁትም፤ መሬት ከገባ በኋላ መጀመር አስጠላኝ።

«ፍታት» አልኩት።

ቅዳሜን ሙሉ እየፈታ ባሌን ሲሰድበው ዋለ። እኔ መፍቻ አቀብለዋለሁ። ስድቡን ሲያቋርጥ እያለቀሰ መሆኑን ስለማውቅ ዞር እልለታለሁ። ማምሻው ላይ ስሱ ጋስኬት ገብቶ ሞተሩ ሲነሣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። የእሱ መኪና ግን ጥግ ላይ ኮፈኗ እንደተከፈተ ውላለች።

እሑድ መኪኖቹ አንድ በአንድ ነበር ዳገቱን የሚወጡት። ቱርቦ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። ተራዬ ደርሶ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ስደርስ የእሱ መኪና ዳር ቆማለች፤ እሱም የወለቀበትን የአየር ቱቦ ታቅፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ማሰሪያውን ሳያጠብቀው ነው የመጣው።

ሲያየኝ ብድግ አለ። እጄ ማርሽ ሊቀይር ሲሄድ ቱቦውን በሁለት እጁ እያውለበለበ መዝለል ጀመረ።

«አትቀይሪ! አትቀይሪ፣ ትጩህ! ጉልበቷ እዚያ ላይ ነው!»

አልቀየርኩም። መኪናዋ እየጮኸች፣ እኔም አብሬ እየጮህኩ ወጣን።

ቱርቦም ቱቦውን ትከሻው ላይ ጥሎ በእግሩ እያለከለከ ዳገቱ ጫፍ ድረስ መጣ።

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«ከስምንት ሰባተኛ። ከበታቼ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።»

«ቅዳሜዬን ስለበላሽብኝ ነዋ!»

«አውቃለሁ» አልኩትና ሞተሩን ላጠፋ እጄን ሰደድኩ።

«ተይው» አለና ኮፈኗ ላይ ተደገፈ። «ትንሽ ትተንፍስ።»