ለጅራፉ የተቋጠረ ቂም

ልጆቹ «እትዬ» ይሏታል። አሥራ ሁለት ሴት ልጆችን በሳምንት አራት ቀን ስምንት መቶ ሜትር ታሠለጥናለች። ሩጫው ሲያልቅም ወደ ቤት አትሰዳቸውም፤ መሰናክሎቹና ኳሶቹ በሚቀመጡበት ዕቃ ቤት ምንጣፍ ላይ ታስቀምጣቸውና ግማሽ ሰዓት ታስተምራቸዋለች። ለሐኪም ሕመምን በትክክል መናገር፣ ውል ሳያነቡ አለመፈረም፣ ተሸንፎ የአሸናፊን እጅ መጨበጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትልቅ ሰውን ዓይን ዓይኑን እያዩ «አይሆንም» ማለት። ይህን የመጨረሻውን በትወና ነው የምታለማምዳቸው። አንዷ ክፉ አሠልጣኝ ትሆናለች፣ ሌላዋ እምቢ ትላለች። ክፉ የምትሆነዋ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ በአፍንጫዋ እንድትናገር ታዛለች። ልጆቹ ይንፈራፈራሉ በሳቅ፤ ማንን እያስመሰሉ እንደሆነ ግን አያውቁም።

የሚያስመስሉት ጅራፉን ነው። ጅራፉ የተፎካካሪው ክለብ አሠልጣኝ ሲሆን ስሙን ያወጡለት የገዛ ሯጮቹ ናቸው። እትዬ አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ በእሱ እጅ ነበረች። በፍጻሜው ውድድር ጠዋት ጉልበቷ አብጦ «አልቻልኩም» ብትለው፣ «ሁለት ደቂቃ ናት! ሁለት ደቂቃ መቻል ያቅትሻል?» ብሎ የሕመም ማደንዘዣ መርፌ አስወጋት። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ጉልበቷ ውስጥ አንድ ነገር ቷ አለ። በቃሬዛ ሲያወጧት ጅራፉ ረዳቱን «ይቺ አለቀላት፤ የሚቀጥለዋን አሟሙቃት» ሲለው በጆሮዋ ሰማች። ከዚያ ወዲህ ሮጣ አታውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን ያቺን ንግግር ስታመነዥካት ኖረች።

ይህን የምታውቀው ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ ብቻ ናት። «አንቺ፣ ልጆች እያሳደግሽ ነው ወይስ ጥይት እያቀባበልሽ?» ትላታለች ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«ሁለቱንም።»

«ልጆቹ ያሳዝኑኛል።»

«ምን ጎደለባቸው? የእኔን ልጆች የመሰለ ልጅ አሳዪኝ እስቲ!»

እውነቷን ነበር፤ ምንም አልጎደለባቸውም። አንድ በአንድ ታሳድጋቸው የነበረው ግን ጅራፉን አፈር ለማስጋጥ ነው። በዚያ ዓመት ጅራፉ ጡረታ ሊወጣ ተቃርቧል፤ የክለቦች ሻምፒዮና የመጨረሻ ዕድሏ ነበር። የእሱን አንደኛ ሯጭ ልትቀድም የምትችለው ደግሞ አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ከቅጥነቷ የተነሳ ጓደኞቿ «ሽቦ» የሚሏት።

በውድድሩ ጠዋት ሽቦ ጫማዋን ሳታስር መጣች። «እትዬ፣ እግሬን ያመኛል።»

እትዬ ተንበርክካ ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ጫን ብትለው ልጅቷ ትንፋሿ ተቆረጠ። እትዬ ቀና ስትል ማዶ ጅራፉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲንጎራደድ ታያት። ደሟ ፈላ።

«ትችዪዋለሽ። ሁለት ደቂቃ እኮ ናት» አለች።

ሽቦ ዓይኗን ሳትሰብር፣ «አይሆንም፣ እትዬ» አለቻት። «እንዲህ የሚል ሰው ሲመጣ እንዲህ በዪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

እትዬ ክው አለች። ወዲያው ያፈረች እንዳይመስላችሁ፤ መጀመሪያ የቃጣት በጥፊ ማለት ነበር። እጇን ኪሷ ከታ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ቧንቧ ሄደችና ፊቷን ደጋግማ ታጠበች። ከአፏ የወጣው የማን ቃል እንደሆነ የገባት እዚያ ነው። ተመልሳ የሽቦን ስም ከዝርዝሩ አሰረዘች።

የጅራፉ ሯጭ ሁሉንም አስከትላ ገባች። እሱም ሲያልፍ «ልጅሽ ፈራች እንዴ?» ብሏት ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ያቺው አሸናፊ እናቷን ተደግፋ የዕቃ ቤቱን በር አንኳኳች። እናትየዋ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ናት፤ የመጣችው ከነሥራ ልብሷ ነው። «ደረጃ መውጣት አቅቷታል» አለች። «በመርፌ ነው ያስሮጣት። አሁን ስልክ አያነሳልኝም።»

እትዬ የልጅቷን ጉልበት አየች። ከሐዘኔታ ቀድሞ ውስጧ የገባው ደስታ ነበር። በማግሥቱ ወደምታውቀው የአጥንት ሐኪም ወሰደቻቸው፤ የምርመራውን ወረቀት ሲቀበሉም ሦስቱ ሆነው ለፌዴሬሽኑ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አቤቱታ ጻፉ።

በቀጠሮው ቀን ጅራፉ ሙሉ ልብስ ለብሶ ቀረበ። «እኔ በሕይወቴ ሰው አስገድጄ አላውቅም» አለ በጨው በታጠበ ዓይኑ። ያን ጊዜ እትዬ ተነሥታ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የተነሳችውን የጉልበቷን ራጅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ያቺን ጠዋት ከነመርፌው፣ ከነቃሬዛው ተናገረች።

ጅራፉ መነጽሩን አድርጎ ራጁንም እሷንም አያቸው። «አንቺ ደግሞ መቼ ነው እኔ ጋ የሮጥሽው?»

ሊያታልል አልነበረም፤ በእርግጥ አያስታውሳትም። ስትጠላው የኖረችው ሰው አንድም ቀን አስቧት አያውቅም። ከመርፌው ይልቅ ይሄ አንገበገባት።

ኮሚቴው ዳግም እንዳያሠለጥን አገደው፤ ለጡረታው የታሰበው የስንብት ግብዣም ተሰረዘ። ጅራፉ ኮሪደሩ ድረስ ተከትሏት ወጣ። «ልጄ፣ አርባ ዓመት ለፍቻለሁ፤ እባክሽ አንድ ነገር በዪልኝ» አላት።

«ያማል፣ አይደል?» አለችውና ደረጃውን ወረደች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ቅቤ በመጠጣቱም አላፈረችም።

ቅዳሜ ልምምድ ሲያልቅ ልጆቹን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጉልበቷን፣ ቂሟን፣ ለሽቦ ያለቻትንም። «ሽቦዬ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ» አለች በሁሉም ፊት። ሽቦ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። አንድም ልጅ አልሳቀም።

ከጅራፉ ክለብ ወደ እነሱ የተዛወረችው ያቺ አሸናፊ፣ ጉልበቷ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ እጇን አወጣች። «እሱ ከተባረረ ታዲያ፣ ከእንግዲህ ለምን ብለው ያሠለጥኑናል?»

እትዬ የሚያምር ነገር ልትል ትችል ነበር።

«ገና አላውቅም» አለች። «አስቤበት እነግራችኋለሁ።»