የወይዘሮ ቶኪ ስድስት ዳቦዎች

ባዶ ሰሃን መመለስ ነውር መሆኑን ቺያኪ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ሰማያዊው ሰሃን ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ አልተነሳም።

ሰሃኑ የወይዘሮ ቶኪ ነው። አሮጊቷ ከእነ ቺያኪ ሥር ባለው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። በየረቡዕ ይጋግራሉ፤ የዳቦው ሽታ ደረጃውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ከሁለት ሳምንት በፊት በነበረው ረቡዕ ስድስት አንፓን፣ በጣፋጭ ቀይ አደንጓሬ የተሞሉ ክብ ዳቦዎች፣ በሰሃኑ ደርድረው አመጡላት። በእያንዳንዱ አናት ላይ በጸደይ ከግቢው ዛፍ ለቅመው በጨው ያቆዩት የቼሪ አበባ ተለጥፎበታል።

«ለማዮ ነው። በትኩሱ ትብላው» አሉ።

ቺያኪ ጎንበስ ብላ አመሰገነች። በሩ ሲዘጋ ግን ስጋቷ ጀመራት። ወሩ ሰኔ ነው፤ በዚህ ወበቅ አደንጓሬ ቶሎ ይበላሻል። የሴትዮዋ ድመት የምትተኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። ልጇ ማዮ ደግሞ አምና ሆዷን ታማ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝታለች። የቆሻሻ ከረጢቱ ውስጡን ስለሚያሳይ ዳቦዎቹን በጋዜጣ ጠቅልላ ከተተቻቸው። ለልጅቷም «አባባ ጨረሰው» አለቻት።

በማግስቱ ከረጢቱን አውጥታ ደጅ የቁራ መከላከያ ከሆነው መረብ ሥር አስቀመጠችው፤ ስትቸኩል ጠርዙን በደንብ አልሸፈነችውም። ቆየት ብላ ማዮን ወደ መዋዕለ ሕፃናት ልታደርስ ስትወርድ ቁራዎች ከረጢቱን ቀዳደው ዘርግፈውታል። የዚያ ሳምንት የቆሻሻ ቦታውን የመጥረግ ተራ የወይዘሮ ቶኪ ነበር። መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ዳቦዎቹን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። አበቦቹ እንዳሉ ናቸው።

«እማ፣ አባባ ጨረሰው አላልሽም?» አለች ማዮ።

ወይዘሮ ቶኪ ቀና አሉ። «ምንም አይደል» አሉ። «ቁራም ጣፋጭ ይወዳል።»

ከዚያ በኋላ በመጣው ረቡዕ ከታች የዳቦ ሽታ አልመጣም። አሮጊቷ በእሷ ሰበብ መጋገር ትተው ቢሆንስ? ከነጭራሹ ከሰው ጋር መገናኘት ቢተዉስ? ባለቤቷ «ብስኩት ገዝተሽ አድርሺላቸው፣ ነገሩ ያልቃል» አላት። የተገዛ ነገር ይዞ መሄድ ግን ሁለተኛ ስድብ መሰላት።

በሁለተኛው ረቡዕ ራሷ ልትጋግር ተነሳች። አደንጓሬውን ቀቅላ የመጀመሪያውን ውሃ ደፋች፤ እንደገና ቀቅላ ከስኳር ጋር ደፈጠጠችው። ሊጡን በወተት ለወሰች፤ ይኮመጥጥብኛል ብላ ስለፈራች ግን ኩፍ ሳይል ጋገረችው። ከምድጃው ሲወጣ ግማሹ ከሥሩ ፈንድቶ አሯል። ከስምንቱ ደህና የሚባሉት አራት ብቻ ናቸው። በአገሯ ቋንቋ «አራት» እንደ «ሞት» ስለሚጠራ ለስጦታ አይሆንምና ካረሩት አንዱን ጨመረችበትና በሰማያዊው ሰሃን ይዛ ወረደች።

ወይዘሮ ቶኪ ድመቷን አቅፈው በሩን ከፈቱ።

«ወይዘሮ ቶኪ፣ የዚያን ቀን...» ሰሃኑን በሁለት እጇ ዘረጋች። «ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«ወበቁን። ድመቷን።» ድምጿ ቀነሰ። «እጅዎንም።»

አሮጊቷ ድመቷን አወረዱና እጃቸውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ በዚያው እጅ አንዱን ዳቦ አንስተው ገመሱና ግማሹን ዘረጉላት።

«ብዪ፣ የማዮ እናት።»

ዳቦው ላይ አንዲት ነጭ ጸጉር ተጣብቃለች። ቺያኪ አየቻት፤ ወይዘሮ ቶኪም እንዳየቻት አዩ። ከበሩ ገባ ብሎ ባለው ጫማ ማውለቂያ ላይ እንደቆመች ጎረሰችው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

ወይዘሮ ቶኪ የራሳቸውን ግማሽ በዝግታ አላመጡ። «አደንጓሬው ደህና ነው። ሊጡን ግን አጣድፈሽዋል፤ ድንጋይ ሆኗል።» ሰሃኑን ተቀበሏት። «በሚመጣው ረቡዕ ነይ። መጀመሪያ እጄን ስታጠብ ቆመሽ ታያለሽ።»

ቺያኪ እሺ ልትል ፈለገች፤ አፏ ውስጥ ያለው ዳቦ አላናግር አላት። አንገቷን ደፍታ፣ እያኘከች፣ ደረጃውን ወጣች።