የሚያፏጨው መኪና

አጎቴ ሀይደር ቦይ ውስጥ የገባው በእኔ ምክንያት ነው ይላሉ። አልገፋሁትም፤ ክላክስ እንኳ አላደረግኩም። ከአሶሳ ገበያ ወደ መስጊዱ በሚያወጣው መንገድ ዳር ዳሩን ይሄዳል፤ እኔ ከኋላው መጣሁና ማርሽ ልቀይር ብዬ እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ። መኪናዬ «ፒሽሽሽ!» አለ። በዚያን ጊዜ በከተማችን እንዲህ ብሎ የሚተነፍሰው የትልልቅ ጭነት መኪና ፍሬን ብቻ ነበር። አጎቴም እህል የጫነ ኤንትሬ ጀርባው ላይ የደረሰበት መስሎት ከነነጭ ጀለቢያው ቦይ ውስጥ ዘሎ ገባ። የገበያው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ለምን እዋሻለሁ?

መኪናው የአባቴ የሐመድ ነበር። አባቴ ዕድሜውን በሹፌርነት የጨረሰ ሰው ነው። መንገድ ሊሠሩ ከመጡት ፈረንጆች አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ ይህን ነጭ አውቶሞቢል ትቶለት ሄደ። መንዳት ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ ሲታመምም ሊብሬውን በስሜ አዛውሮ ቁልፉን በእጄ አስያዘኝ። ክልሉ ገና አዲስ ስለነበር ከየአገሩ የሚመደበው መምህርና የቢሮ ሠራተኛ ብዙ ነው፣ መጓጓዣ ግን የለም። እሱ ከሞተ በኋላ ሰው ከአሶሳ ባምባሲ እያመላለስኩ እናቴንና ራሴን አስተዳድራለሁ። አጎቴ ግን ሴት መሪ ከያዘች ዓለም ያበቃለታል ባይ ነው። መኪናውን ልጁ እንዲነዳው፣ እኔ ደግሞ ቤት እንድቀመጥ ይፈልጋል።

ፉጨቱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ተርቦ ማለት አየር በጉልበት ወደ ሞተሩ የሚነፋ ዕቃ ነው። አባቴና መካኒኩ ደባልቄ ዳገት እንዲወጣላቸው ብለው ከልኩ በላይ እንዲነፋ አድርገውት ነበር። እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ ያ የተነፋ አየር መሄጃ ያጣል፤ እሱን የሚያስተነፍስ ትንሽ የፕላስቲክ ቫልቭ አለ። የእኔ ቫልቭ አርጅቶ ግፊቱን መያዝ አቃተው። ዳገት ላይ ስረግጥ አየሩን ያለጊዜው እየለቀቀ መኪናዬን ያልፈሰፍሰው ጀመር። ደባልቄም አዲስ አበባ ለሚሄድ ሹፌር ነግሮ ከሶማሌ ተራ ጠንካራ የብረት ቫልቭ አስመጣልኝ።

ደባልቄ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጣ፣ መኪና ሲያስታምም ምሳውን የሚረሳ ሰው ነው።

«እህታለም፣ ይኼ ነገር በሁለት መንገድ ይታሰራል» አለኝ። «አንደኛው አየሩን በቱቦ ወደ መግቢያው ይመልሰዋል፤ ድምፅ የለውም። ሌላኛው ወደ ውጭ ይተፋዋል፤ ያፏጫል። ሲሰሙት ደስ ይላል፣ መኪናሽ ግን አይወደውም።»

«ለምንድነው የማይወደው?»

«የገባውን አየር ለክቶ ነዋ ቤንዚን የሚሰጠው። የለካውን አየር ውጭ ከደፋሽበት ቤንዚኑ ብቻውን ይቀርና ያፍነዋል።»

«እስቲ ወደ ውጭ እሰረው» አልኩት። አሰረው። የመጀመሪያውን ፉጨት ስሰማ በደስታ ልቤ ጥፍት አለ። መንገድ ለቀቅ አድርጉልኝ ብዬ ስለምን የማይሰማኝ ከተማ አሁን ገና ከሩቁ ይሸሽልኝ ጀመር። አንዳንዱ ደግሞ «ጎማሽ ተነፈሰ!» እያለ እየሮጠ ይከተለኛል፤ እጄን አውለብልቤለት አልፋለሁ።

ቦይ በገባ ማግስት አጎቴ ደባልቄ ጋራዥ ድረስ መጣ። ለብቻችን ስንሆን የምንነጋገረው በበርታኛ ነው፤ ያን ቀን ግን ደባልቄም እንዲሰማ ብሎ፣ ሴቱንም ወንድ በሚያደርግ አማርኛው ጀመረ።

«ያ ኢቲዳል! ይሄ መኪና ለምን ያፏጫል? ወላሂ ዐይብ ነው፣ ነውር! ሴት ልጅ ያፏጫል እንዴ? ዝም አድርገው!»

«የሚያፏጨው መኪናው ነው አጎቴ። እኔ አፌን ዘግቼ ነው የምነዳው።»

«የሂባ ሰርግ ደርሷል። ሂባ በዚህ መኪና መሄድ ይፈልጋል። ዝም ካላለ ልጄ ይነዳል፤ አለቀ።»

«መኪናው የእኔ ነው። ከእኔ በቀር የሚነዳው የለም፤ ዝምም አይልም» አልኩት። ደባልቄ ሳቁን ለመደበቅ ራሱን ኮፈኑ ውስጥ ቀበረ።

ሂባ የአጎቴ ልጅ ናት፤ አብረን ነው ያደግነው። የምትዳረው ባምባሲ ለሚኖር ሰው ነው። በእኛ ሹፌሮች ዘንድ ደግሞ አንድ ሕግ አለ። ሙሽራ የተሳፈረችበት መኪና ሞተሩ አንዴ ከተነሳ ሙሽራው ደጅ እስኪደርስ አይጠፋም። ከጠፋ ገዱ መጥፎ ነው ይባላል። ሙሽራዋ ወደ ኋለኛው መኪና ትዛወራለች፤ ያጠፋው ሰውም ዕድሜ ልኩን ሲሾፍበት ይኖራል።

ደባልቄ እንዳለው መኪናው መታፈን ጀመረ። መጀመሪያ ኩርባ ላይ ጥቁር ጭስ አመጣ፤ ቀጥሎ ልቆም ስል ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበትን ሚኒሞ አልይዝ እያለ ይጠፋብኝ ጀመር። እንዳላየ ሆኜ አለፍኩት። ቫልቩን ባስመልስ አጎቴ «አሸነፍኳት» እያለ ከተማውን ሊዞር ነው፤ ከዚያስ ሞቴን እመርጣለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ሠናይት የምትባል መምህርትና ባልደረቦቿን ይዤ ወደ ባምባሲ ስሄድ ቁልቁለቱ ላይ እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ። አፏጨና ጠፋ። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ድንጋይ ይሆናል። ሠናይት «እመብርሃን!» ብላ ትከሻዬን ጨመደደችው። በሁለት እግሬ ፍሬኑ ላይ ቆሜ እንደምንም ብዬ መኪናውን መንገድ ዳር የተከመረ አሸዋ ውስጥ ሰካሁት። ማንም አልተጎዳም። ግን ሠናይት ወርዳ አሸዋው ላይ ቁጭ ስትል ሳያት በንዴት በገንኩ። በአጎቴ ተናደድኩ፣ በራሴም ተናደድኩ። እልህ የተጋባነው እኔና እሱ፣ ልትሞት የነበረችው እሷ!

የዚያኑ ዕለት ደባልቄ ጋ ሄድኩ።

«አየሩን ወደ ውስጥ መልሰው» አልኩት።

«አጎትሽስ? አሸነፍኳት ሊል ነው እኮ።»

«አጎቴ መካኒክ ነው እንዴ? ሥራህን ሥራ።»

ከብረቱ ቫልቭ አፍ ወፍራም የጎማ ቱቦ አወጣና ከተርቦው በፊት ካለው የአየር መግቢያ ጋር አገናኝቶ አጠበቀው። መኪናዬን ይዤ ወጣሁ። ጭስ የለም፣ መታፈን የለም። ጉልበቱማ አይነሳ! ዱሮ እየተጎተተ የሚወጣውን ዳገት አሁን ሦስተኛ ማርሽ ላይ እንዳለ ሽቅብ በላው። ቁልቁለቱ ላይ እግሬን ደጋግሜ አነሳሁ፤ አልጠፋም። ፉጨቱ ግን ቀርቷል። ደስ ቢለኝም አለቀስኩ፤ ያ ድምፅ የእኔ ነበር።

አጎቴ ወሬውን ለመስማት አልዘገየም። በየሄደበት «ዝም አስባልኳት» ይላል አሉ። የሚያገኘኝ ሁሉ «አጎትሽ ገራሽ አይደል?» ብሎ ይስቃል። ጥርሴን ነክሼ ሰርጉን ጠበቅኩ።

የሰርጉ ዕለት ረፋድ ላይ መኪናዬን በሪባን አስጊጬ አጎቴ ደጅ አቆምኩ። ሂባ ተሸፋፍና ከኋላ ተሳፈረች። ሞተሩን አስነሳሁ። ከኋላዬ አጃቢ መኪኖች ተሰልፈዋል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ከበሮው ይመታል። ከባምባሲ የመጡት የሙሽራው ሰዎች ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ቶሎ እንውጣ ይላሉ። በዚህ መሃል አጎቴ ሱፍ የለበሰ ልጁን አስከትሎ ወደ እኔ መስኮት መጣ።

«ሰማችሁ?» አለ ለሰዉ ሁሉ። «መኪና ዝም ብሏል። እኔ ዝም በል አልኩ፣ ዝም አለ። ኢቲዳል አሁን ጥሩ ልጅ ነው። በል ውረድ፤ ልጄ ይነዳል።»

ደሜ ፈላ። «ዝም ያስባልኩት እኔ ነኝ» አልኩ፤ የመጨረሻው መኪና ላይ ያሉትም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። «ሰው እንዳይገድል፣ ሙሽራም ጭኖ ሞተሩ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። አንተ ስላልክ አይደለም። አልወርድም።»

«ያ በነት! አንተ ሴት ልጅ፣ ውረድ አልኩ!» አለና እጁን በመስኮቱ አስገብቶ ቁልፉን ጨበጠ።

እልልታው ተቋረጠ፤ ከበሮውም ቆመ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። እጁን ልይዘው እችል ነበር፤ አልያዝኩትም። እጆቼን መሪው ላይ እንዳሉ ተውኳቸው።

«አጥፋው» አልኩት። «የልጅህን የሰርግ መኪና በገዛ እጅህ አጥፋው። ባምባሲ ስንደርስ ማነው ያጠፋው ሲሉህም እኔ ነኝ በላቸው።»

ቁልፉን እንደጨበጠ ወደ ኋላ፣ ወደ ሂባ ዞረ። የሙሽራው ሰዎች ቀስ እያሉ ተጠግተው እጁን ያያሉ። ልጁ ከጀርባው ሆኖ «አባ፣ ተው» አለው። አጎቴ ቁልፉን አያዞረው፣ አይለቀው። በሕይወቴ አንድም ቀን እንደዚያ ሲፈራ አይቼው አላውቅም፤ አላዘንኩለትም።

እጁን አወጣ። ከመስኮቱም ራቅ አለ።

ሂባ መሸፈኛዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ወደ ፊት ተጠጋችና በራሳችን ቋንቋ «በይ ንጂው» አለችኝ። ነዳሁት።