የክብሪት የቤት ሥራ

የልብስ ሰፊዋን ባል ሰፈሩ ሁሉ «ክብሪት» ይለዋል። መካኒክ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ንዴቱ ግን አይጣል ነው! ሚስቱ «እባክህ ታከም፣ ይኼ ንዴት አንተንም እኔንም ይጨርሰናል» እያለች ስንት ዓመት ለመነችው። ማን ሰምቷት! አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ በንዴት የደንበኛ መኪና መብራት በመፍቻ ሲያደቅ ግን አለቃው «ወይ ታከም፣ ወይ ሥራውን ልቀቅ» አለው። በማግስቱ ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ ሄደ። አያችሁልኝ? እሱ የሰበረው የሚስቱ እጅ ያላስኬደውን ሰውዬ የመኪና መብራት አስኬደው።

አማካሪዋ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ትንፋሹን በዝግታ መሳብ፣ ትከሻውን ማላላት፣ የጨበጠውን እጅ መፍታት አስተማሩት። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጡ። ማታ ማታ ከእራት በፊት ሚስቱ የሚያናድደውን ነገር ፊት ለፊት ትነግረዋለች፤ እሱ ተቀምጦ ይተነፍስና «ሰምቻለሁ» ይላል። ካቃተው እጁን ያነሳል፣ እሷ ታቆማለች።

በትንሽ ትንሹ ጀመሩ። «ቁልፍህን ጣልኩት» አለችው። የአንገቱ ሥር ተገታተረ፤ ተነፈሰ፤ «ሰምቻለሁ» አለ። እሷ በላብ ተጠመቀች። እየዋለ እያደረ ግን ለመደው። አለቃው አመሰገነው። እህቷም «ታድለሽ! ሰው እንዲህ ሲለወጥ አይቼ አላውቅም» አለቻት። ታድለሽ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው!

እሱ እየበረደ ሲሄድ የእሷ ደም ይፈላ ጀመር። አንድ ማታ ሳታስበው አመለጣት።

«የስፌት መኪናዬን በመስኮት አሽቀንጥረህ የጣልክ ዕለት፣ ደንበኞቼ ታች ቆመው ሲያዩ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኝቼ ነበር።»

«ሰምቻለሁ።»

አሁን «በድዬሻለሁ» ይላል ብላ ጠበቀች። እሱ ሰዓቱን አየና «እራት ደረሰ?» አላት። ይቅርታ የቤት ሥራው ውስጥ አልነበረማ!

ከዚያ ወዲያ የፈለገችው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ካገኘችው ልትቀር፣ ካላገኘችው ልትሄድ ለራሷ ቆረጠች።

በሌላ ማታ ሻንጣዋን በሩ ሥር አቁማ መጣችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እጄን የሰበርከው አንተ ነህ። ሐኪሙን ከደረጃ ወደቅሁ ያልኩት ላንተ ስል ነው። ይኼን ሁሉ ማታ ስነግርህ አንዴ እንኳ ይቅር በዪኝ አላልክም። ትቼህ መሄዴ ነው።»

ትከሻውን አላላ። ሳበ፣ ለቀቀ። «ሰምቻለሁ» አለና ፊቱ በራ። «እንዴት ነኝ? ይቺ ከባድ ነበረች እኮ!»

«የቤት ሥራ አይደለም። የምሬን ነው።»

«እሱንም ጨመርሽበት? አንቺ ሴትዮ፣ ተዋጥቶልሻል!» ብሎ ሳቀ።

ትንሽ አየችው። ከዚያ ብድግ ብላ ሻንጣዋን አነሳች። ይኼኔ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። በሩን ስትከፍት መዳፉን ዘርግቶ እጁን አነሳ፤ አቁሚ ማለቱ ነው። ያ እጅ በተነሳ ቁጥር ስታቆም ነው ዕድሜዋ ያለቀው። አሁን ግን ወጣች።

ደረጃውን ስትወርድ ከላይ ትንፋሹ ይሰማታል፤ ይስባል፣ ይለቃል፣ ይስባል፣ ይለቃል። ታች ስትደርስ ድምፁ ተከተላት።

«ኧረ ቆይ! ምን አደረግኩሽ? አልተናደድኩም እኮ!»