ሸሚዙን አልገልጥም ያለው ተሳፋሪ

የሰደበኝ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው። ቀኑ እሁድ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልጄ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ያለፈች ሰሞን። የሚስቴ ዘመዶች ሳሎናችንን ሞልተውታል። እኔ ከጓዳ ወንበር ተሸክሜ ስገባ እሱ ሶፋው ላይ እግሩን አነባብሮ፣ «ይሄን ሰውዬ ሳታስታጥቡ ወደ ገበታ እንዳታቀርቡት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው የውስጥ ሱሪ ሲያገላብጥ ነው የሚውለው» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሚስቴም ሳቀች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነው የሳቀችው፣ ግን ሳቀች። ልጄ አልሳቀችም። ወንበሩን አስቀምጬ ወጣሁና ግቢ ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ቆምኩ። እጄን ግን አልታጠብኩም፤ እልህ ያዘኝ።

ከዚያ በፊትም የሰደበኝ ሞልቷል። ትምህርቱን ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ስድብ ለምዶ ነው የሚያረጀው። ጋራዥ ስሠራ አለቃዬ «ድንጋይ ራስ» ይለኝ ነበር። አንዲት አከራዬ ደግሞ በልጄ ፊት «አንተም ሰው ሆነህ» ብላኛለች። አልረሳሁላቸውም፣ ግን እንደሱ ስድብ ሥጋዬ ውስጥ አልገባም። የእሱን ስተኛም ስነሳም አመነዥከዋለሁ። ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ «ጋሼ» ይለዋል። በዕድሜ ያን ያህል ሳይበልጠኝ እኔም ካገባሁ ጀምሮ «ጋሼ» እንድለው ተደረግሁ። እሱ ግን አንድም ቀን ስሜን ጠርቶ አያውቅም። ለሱ «ይሄ ሰውዬ» ነኝ።

የምሠራው የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ ፈታሽ ነኝ። ድሮ የቦርሳውን ዚፕ ከፍተን፣ እጃችንን ሰደድ አድርገን «ሂድ» ነበር የምንለው። በኋላ በሌላ ከተማ አንድ አውቶቡስ ውስጥ ፈንጂ ፈነዳና ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ይዘረገፋል። መጀመሪያ የምንዘረግፈው ከበሩ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ተሳፋሪው ግን «ሽቶዬ ጠፋ፣ ቻርጀሬ ጠፋ» እያለ ሌባ አደረገን። ኃላፊያችን ይሄን ሲሰማ ረጅም ጠረጴዛ አሠርቶ ሰልፉ ፊት ለፊት አስቆመና «ሁሉም በሰው ፊት ይዘርገፍ፤ ሕዝቡ ራሱ ምስክር ይሁን» አለ። ጠባቧ ክፍል ከተሳፋሪ የተነጠቀ ዕቃ ማጎሪያ ሆነች፤ ቢላው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ በጀሪካን የተያዘው ነዳጅ እዚያ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያላየሁት ነገር የለም። ሰው ሠራሽ ጥርስ አይቻለሁ። አንዲት አዲስ ሙሽራ የሌሊት ልብሷ ሲዘረገፍ ከኋላዋ የተሰለፉ ጎረምሶች ሲያፏጩባት አይቻለሁ። አንድ ሽማግሌ ሻንጣቸው ውስጥ የሴት ጫማ ተገኝቶ «የማን ነው አባባ?» እየተባሉ ሲሳቅባቸው፣ የሟች ሚስታቸው መሆኑን ለመናገር ድምፅ ሲያጥራቸው አይቻለሁ። ሴቶቹን የምትፈትሸው ባልደረባችን፣ ሁላችንም እታለም የምንላት፣ «ይሄ ፍተሻ አይደለም፣ ገበያ ነው» ትላለች። እሷ የሰው ዕቃ ስታገላብጥ ግድግዳ ግድግዳውን ነው የምታየው። እኔ ግን ጠረጴዛውን ወድጄው ነበር። እሱ ከመጣ ወዲህ ሌባ ያለኝ የለም። ደግሞ ከረባት ያሰረ ሰው አጎንብሶ ካልሲውን ሲለቃቅም ማየት ደስ ይለኛል። ምን ይደረግ።

ጋሼ የመጣው ማክሰኞ ጧት ነው። ወራት ሆኖኛል ካየሁት፤ ለንግድ ሩቅ ሄዷል ነበር የሚባለው። መጀመሪያ ኮቱን ነው ያወቅሁት፤ ሰውየው ኮቱ ውስጥ ጠፍቷል። ጉንጩ ገብቷል፣ አንገቱ ቀጥኗል። አንዲት ጥቁር ቦርሳ ደረቱ ላይ አቅፎ ይዟል። ሲያየኝ ክው አለ። ሌላ ሰልፍ ፍለጋ ዞር ዞር አለ፤ የወንዶች ሰልፍ ግን አንድ ብቻ ነው። ዛሬ የማን ሱሪ እንደሚገለበጥ እናያለን አልኩ በልቤ። ፊቱ ያሉትን ሰዎች ቶሎ ቶሎ አሳለፍኳቸው።

ተራው ሲደርስ «ጋሼ» አላልኩትም። እንደ ማንም ሰው «እጅ ወደ ላይ» አልኩት። ቦርሳውን ወለል ላይ አስቀምጦ እጁን ግማሽ ድረስ ብቻ አነሳ። ትከሻውን፣ ብብቱን፣ ጀርባውን ዳበስኩ። ሆዱ ጋ ስደርስ፣ በግራ በኩል፣ ከሸሚዙ ሥር እጄ አንድ ነገር ላይ አረፈ። የሞቀ ነው፤ ለስላሳ፣ እንደ መነፋት ያለ። ጠርዙ ላይ ደግሞ ደረቅ ቀለበት ነገር አለው። ምንድነው ብዬ ጫን ሳደርግ ጋሼ የእጄን አንጓ አፈፍ አድርጎ ያዘኝ።

ጥበቃው ያየው ይሄንን ነው። በሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ የሚቆም፣ ከእኛ ጋር ብዙም የማይነጋገር ልጅ ነው። ሆዱ ላይ ያለው ምንድነው ብሎ ጠየቀ። ጋሼ አንጓዬን ይበልጥ ጨመቀው። እኔም ምኑን አውቄ ልናገር። ጥበቃው ጠመንጃውን አቀባበለ።

«ሸሚዝህን ግለጥ።»

ጋሼ አልገለጠም። ሰልፉ እንደ ውሃ ወደ ኋላ ሸሸ። ሻንጣ ተደፋ፣ አንዲት እናት ልጇን በክንዷ አፋፍሳ ሮጠች። የሮጡት ሮጠው የቀሩት ደግሞ ሞባይላቸውን አውጥተው መቅረጽ ጀመሩ። ኃላፊያችን ከቢሮው ወጣና የምሰሶ ጀርባ ይዞ፣ ሰውየው እዚያው በሰው ፊት እንዲገልጥ፣ ደንቡም ይሄው እንደሆነ ተናገረ። ጋሼ አንጓዬን አልለቀቀም። እጁ በላብ ርሷል። አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

«ወንድሜ፣ እዚህ አይሁን። በልጅህ ይዤሃለሁ።»

ደስ አለኝ። አንድ ትንፋሽ ያህል፣ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን ፈራሁ። በሥልጠናው ጊዜ ተጠርጣሪ ሰው እንዲህ ነው ያሉን በሙሉ እሱ ላይ አለ። ወራት ተሰውሯል፣ ከስቷል፣ ያልበዋል፣ ቦርሳ አቅፎ መጥቷል፣ ሸሚዝ አልገልጥም ብሏል። የሰው ልብ ማን ያውቃል? የእህቱ ባል ሆኜ ስለሱ የማውቀው ሳቁን ብቻ ነው። እጄ አሁንም ያ ነገር ላይ ነው። ብለቀው ጥበቃው ይተኩሳል፤ ባልለቀው ደግሞ አብሬ ልሄድ እችላለሁ። ሸሚዙን ራሴ ሳብ ባደርገው ሁሉም ነገር ያልቃል፤ እሱም አብሮ ያልቃል። ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ይሄንን ነው። ጠመንጃውን አልነበረም የሚያየው፤ ሞባይሎቹን ነበር።

ጠባቧ ክፍል ውስጥ ወስጄ ራሴ አየዋለሁ አልኩ። ጥበቃው እዚያ ጋዝ እንዳለ አላወቅህም ወይ ብሎ ጮኸ። ሲሊንደሮቹን የደረደርኳቸው እኔ ነኝ፣ እንዴት አላውቅም። እንግዲያው ራቅ በሉ አልኩና ቦርሳውን በአንድ እጄ አንስቼ ጋሼን እየጎተትኩ ገባሁ። በሩን በእግሬ ዘጋሁት።

ውስጡ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል። ጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ ሸሚዙን ገለጠ። ሆዱ ላይ ረጅም የስፌት ጠባሳ አለ። ከጠባሳው በስተግራ አንጀቱ በትንሽ ቀዳዳ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ በላዩ ላይ የላስቲክ ከረጢት ተለጥፎበታል። ሰገራው የሚወርደው በዚያ ነው። እጄ ጫን ያደረገው ይሄንን ነበር። ጠርዙን አላቅቄበት ኖሮ ወደ ሱሪው መንጠባጠብ ጀምሯል።

ለንግድ ነው የተባለው ጉዞ ሆስፒታል ነበር ለካ። አንጀቱ ላይ ዕጢ ተገኝቶ ተቆርጦ ወጣ። ዛሬ ከሰዓት አውቶቡሱ በሚሄድበት ከተማ ሐኪሙ ያየዋል፤ ቀዳዳው ተመልሶ ይዘጋል ወይስ ዕድሜ ልኩን እንዲህ ይኖራል፣ የሚነገረው ዛሬ ነው። ይሄ ቀጠሮ ካመለጠው ለሌላ ቀጠሮ ወራት ሊጠብቅ ነው። የሚያውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። «እህቴ ካወቀች አገር አወቀ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሚስቴ ወሬ ከምትይዝ እሳት ብትይዝ ይቀላታል። በዚያ ሁሉ መሃል ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ቦርሳውን ከፍቼ ጥጥና አዲስ ከረጢት ሰጠሁት። የቆሸሸውን እኔ ተቀብዬ በላስቲክ ጠቀለልኩት። እሱ ሲጠርግ እኔ ግድግዳውን አየሁ። አዘንክለት ወይ ለሚለኝ፣ አላዘንኩም። ተናደድኩ። ይሄን ያህል ዘመን ለአንድ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩትን ቂም ይዤ መጥቼ፣ የማወርድበት ሰው አጣሁ። ከዚያ ቦርሳውን እስከ ሥሩ ፈተሽኩ፤ የልብሱን ገበር ሳይቀር ዳበስኩ። ሥራዬ ነው። ከከረጢትና ከጥጥ፣ ከቅያሪ ልብስ በቀር ምንም የለም።

ስንወጣ ሁሉም ነገር በነበረበት ነው። ፈትሼዋለሁ፣ አደገኛ ነገር የለውም አልኩ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ፣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ፣ ታዲያ ሆዱ ላይ ያለው ምንድነው ብሎ ወደፊት መጣ።

«የራሱ ነው» አልኩት።

«የራሱ ምን?»

ቦርሳውን ለጋሼ መለስኩለት። ሰውየው ዞሮ ለሕዝቡ ተናገረ። አንድ አውቶቡስ ውስጥ አብረው የሚቀመጡት እነሱ እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ፣ እሱም ቤቱ የሚጠብቁት ልጆች እንዳሉት፣ አብሮ ለሚሞት ሰው ማየት መብቱ እንደሆነ ተናገረ። ልጠላው ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። ሲናገር አገጩ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሌላው ከተማ ያለቁትም አንዱ ፈታሽ «ምንም የለውም» ብሎ ያሳለፈላቸው ሰዎች ናቸው። የአውቶቡሱ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተና፣ ወይ ይታይ፣ ወይ ይቅር፣ እኔ እንዲህ አልነዳም አለ። ኃላፊው አሁን ከምሰሶው ጀርባ ወጥቷል። ወይ እንድናገር፣ ወይ ጠረጴዛው ፊት ሸሚዙ እንዲገለጥ አዘዘ። ጥበቃው አፈሙዙን አላወረደም።

ጋሼን አየሁት። ራሱን እንኳ ነቅነቅ ቢያደርግልኝ ተናግሬ እገላገል ነበር። አላደረገም። ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። ኮቱን አስተካከለ፣ ቀና አለ፣ ከዚያ ሳቀ።

«እኔ ልንገራችሁ ጎበዝ። ይሄ ሰውዬ አማቼ ነው፣ የእህቴ ባል። የቆየ ቂም አለው። ዛሬ እጁ ስገባለት በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው እንጂ ሆዴ ላይ ምንም የለኝም። ክፍል ውስጥ ያስገባኝም ይቅርታ በለኝ ሊለኝ ነው።»

ከዚያ ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ባለ ጃኬቱ ትንፋሹን ለቀቀና «የቤተሰብ ጠብ ነው በሉኛ» አለ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሻንጣዋን እያነሳች «አማችም እኮ ከፈንጂ አያንስም» ስትል ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ያን ያህል ፈርተው ስለነበር ያገኙትን ሁሉ ለማመን ተዘጋጅተዋል፤ አማች የሌለው ደግሞ የለም። ጥበቃው ጠመንጃውን አውርዶ በእናቴ ሰደበኝ። ሹፌሩ ራሱን እየነቀነቀ ወደ መሪው ወጣ፤ ሞተሩ ተነሳ።

ጋሼ እየሳቀ እኔን ነበር የሚያየው። የሚስቀው አፉ ብቻ ነው። እጁ በኮቱ ሥር ግራ ጎኑን ይዟል።

ኃላፊው አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ሰውየው በእርግጥ አማቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነው። በመሃላችን ቂም እንዳለ ጠየቀኝ። እሱም አለ። ለግል ቂም ብዬ መናኸሪያ አሸብሬ፣ ሰው ላስገድል እንደነበር፣ ይሄ ከሥራ ማባረር ብቻ ሳይሆን እንደሚያሳስር፣ ሕዝቡ እየሰማ ነገረኝ። ውሸት ነው ካልኩ፣ ታዲያ ሆዱ ላይ ያለው ምንድነው ይላሉ፤ ሸሚዙም ይገለጣል። እታለም ከሴቶቹ በኩል ጠጋ ብላ «ተናገር እንጂ አንተ፣ ምን ሆነሃል?» አለችኝ ቀስ ብላ። ከክፍሏ ስንወጣ ያ የተጠቀለለ ላስቲክ እጄ ላይ እንደነበር አይታለች። ምን እንደሆነ ሳታውቅ አልቀረችም።

ተሳፋሪው ገባ። ጋሼ መጨረሻ ላይ ብረቱን ይዞ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣ። ዞሮ አላየኝም። በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ተንሸራቶ ወጣ፤ ወደ ግራ ታጥፎ እስኪሰወር አየሁት። አሁን ብናገርም የሚገለጥ ሸሚዝ የለም። ግን እዚያ የቀሩት ሰዎች ሞባይል ይዘዋል፣ ሚስቴም ሞባይል አላት፤ የምናገረው ሳይመሽ ይደርሳታል።

«አንተን እኮ ነው የማናግረው» አለ ኃላፊው። «ሰውየው ያለው እውነት ነው፣ አይደለም? አዎ ወይ አይ በለኝ።»

የመታወቂያ ካርዴን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። በሰልፉ መሃል አለፍኩ፤ ገለል አሉልኝ። ኃላፊው ከኋላዬ ጥያቄውን ደገመው። በሩን ወጥቼ መንገዱን ተሻገርኩ።