ግድግዳ ላይ የተጻፈ ልክ

መቀሱ የኮቱን ጀርባ ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ነው ኸድር የባነነው፤ የቆረጠው በሌላ ሰው ልክ ነበር። ጨርቁ የጋሽ ሙላቴ፣ ልኩ የአንድ ቀጭን አስተማሪ። በጋሽ ሙላቴ ኮት ውስጥ አስተማሪው ሁለቴ ይገባል። ጋሽ ሙላቴ ደግሞ የፊታችን እሑድ ልጃቸውን ይድራሉ።

ኸድር ደብረ ታቦር ገበያ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሰፋ ልክ ጽፎ አያውቅም። ይለካል፣ በቃሉ ይይዛል፣ ይቆርጣል። ስሙም የተጠራው በዚሁ ነው። በዚህ ወር ግን ሲሳሳት ሦስተኛው ነው። ፈራ። አባቱንም የመርሳት በሽታ የጀመራቸው እንዲህ ነበር፤ በመጨረሻ ከመስጊድ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ጠፋቸው።

ሱቁን ዘግቶ ክሊኒክ ሄደ። ወጣቷ ሐኪም ዓይናለም ስለ እንቅልፉ ጠየቀችው። እንቅልፍ ካጣ አራት ወር እንዳለፈው ነገራት። ባለቤቱ ሐሊማ ልብስ ልትሸጥ በሳምንት ሁለት ቀን ወረታ ትወርዳለች፤ መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። ስልኳ እምቢ ሲል በሐሳቡ ስንቴ ቀብሯታል። ለእሷ ግን ትንፍሽ አላለም፤ የወንድ ሆድ ሰፊ ነው ብሎ።

"ስንጨነቅ ሰውነታችን የሚያመነጨው ሆርሞን አለ" አለችው። "ለጊዜው ይጠቅማል። ወራት ሲቆይ ግን የአንጎልን ሴሎች የሚያሳድገውንና የሚጠግነውን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል። ማስታወስም ይከብዳል።"

"የአባቴ በሽታ አይደለማ?"

"ከአሁኑ አይደለም ብዬ አልዋሽዎትም። ይተኙ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ ጭንቀትዎን ለሰው ያካፍሉ። በወሩ ይመለሱና እናያለን፤ ከጭንቀት ከሆነ ሊሻልዎት ይችላል።"

ሲመለስ ጋሽ ሙላቴን ሱቁ በር ላይ ቆመው አገኛቸው። ማሽኑ ተበላሸብኝ ሊላቸው አስቦ ነበር፤ አፉ አልታዘዝ አለው።

"ጋሽ ሙላቴ፣ ጨርቅዎን አበላሽቼዋለሁ። እተካለሁ። እንደገና ልለካዎት።"

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። "ያንተ ራስ እንኳ ይስታል?"

"ስጋት ገብቶበታል።"

"እንግዲያማ ጻፈው ልጄ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" አሉና ክንዳቸውን ዘረጉ።

ሱቁ ውስጥ ደብተር የሚባል ነገር የለም። ኸድር ጠመኔውን አነሳና የትከሻውን፣ የደረቱን፣ የእጅጌውን ቁጥር አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ጻፈ። ጋሽ ሙላቴ ከሄዱ በኋላ ከመደርደሪያው ተመሳሳይ ጨርቅ አወረደ፤ ከእያንዳንዱ ቁርጥ በፊት ወደ ግድግዳው ቀና እያለ ቆረጠ። ልክ ሆነለት።

ሐሊማ ደወለች። ከወረታ ስትመለስ ዓለም በር ደርሳለች፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሱቁ ትገባለች። ቁጥሮቹን ካየች፣ ልክ ጽፎ የማያውቅ ባሏ ምን ነክቶት እንደጻፈ መጠየቋ አይቀርም። ኮቱ ተቆርጧል፤ ቁጥሮቹ ከእንግዲህ አያስፈልጉም። ኸድር እርጥብ ጨርቅ ይዞ ግድግዳው ጋ ቆመ።

እርጥቡን ጨርቅ መልሶ አስቀመጠና እሷ የምትቀመጥበትን በርጩማ ከግድግዳው ፊት ለፊት አዞረው።